መርሳት ነው ወይስ ድባቴ? አረጋውያንን በማስታወስ ፈተና ስለ መለየት (ድሬዳዋ እና ሐረር)

ጤና_መኮንን_ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰብ «ጃጅተዋል፣ ነገር እየጠፋባቸው ነው» ብሎ አረጋውያንን ይዞ ይመጣል። በሩዳስ (የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመዘኛ) ስንመዝናቸው ከ30 ነጥብ 18 ወይም 19 ያገኛሉ። መስመሩ 22 እና ከዚያ በታች ስለሆነ ወረቀቱ «የመርሳት ሕመም ሊሆን ይችላል» ይላል። ፒኤችኪው-9 (የድባቴ መጠይቅ) ስንሠራ ደግሞ 14፣ 15 ይወጣል፤ ይሄም ድባቴን ከሚያስጠረጥረው 10 በላይ ነው። ሁለቱም «አለ» ሲሉ የትኛውን ልያዝ? ድምሩ ብቻውን እንደማይለያቸው ይገባኛል። የምፈልገው ፈተናው ሲካሄድ ዓይኔ ምን ላይ መሆን እንዳለበት ነው። ኤምአርአይ የለም፣ ኒውሮሳይኮሎጂስት የለም፣ ለአንድ ሰው የማገኘው ጊዜ ቢበዛ 40 ደቂቃ ነው።

ሳይካትሪ_ጀጎል፦
40 ደቂቃ በደንብ ይበቃል። ድምሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገውና አረሳሳቸውን ተመልከት።

በድባቴ የተያዘ ሰው ትኩረቱ ይዝላል፣ ሐሳቡ ይንቀረፈፋል፣ ለመሞከር ጉልበት ያጣል። የነገርከው ግን አብዛኛው ገብቷል፤ የሚቸግረው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። አልዛይመር (በብዛት የሚታየው የመርሳት ሕመም ዓይነት) ቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስንና አካባቢውን ስለሆነ አዲሱ ነገር መጀመሪያውኑ አይመዘገብም። ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ቁልፍ በጠፋበትና ዕቃው ጭራሽ መጋዘን ባልገባለት ሰው መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ትፈትሻለህ፦ ሲደጋገምለት ይማራል ወይ? ከቆይታ በኋላ የተማረው ይቀራል ወይ? ፍንጭ ሲሰጠው ይወጣለታል ወይ?

ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የቃል ዝርዝር ከማንበብ የዕቃ ፈተናን እመርጣለሁ። ፉልድ የሚባለው ፈተና ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ ነው። 10 ትናንሽ ዕቃዎች በማያሳይ ከረጢት ይገባሉ። ሲኒ፣ ማንኪያ፣ የበር ቁልፍ፣ ክብሪት፣ መቀስ፣ ሚስማር፣ ቀለበት፣ ኳስ፣ ማበጠሪያ፣ ትንሽ ጠርሙስ ይሆናሉ። (የበር ቁልፍ ካለ የሸሚዝ ቁልፍ አትጨምር፤ መልሱን መመዝገብ ያስቸግርሃል።) ሰውየው እጁን ከትቶ አንዱን ይዳስሳል፣ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከዚያ አውጥቶ ያየዋል። ካልለየው አንተ ስሙን ትነግረዋለህ። ዳሰሰ፣ አየ፣ በአፉ ጠራ፤ እንግዲህ በኋላ ቢረሳ «ልብ ሳይል ቀርቶ ነው» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ለድባቴ ሕመምተኛ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ትኩረቱን አንተ በግድ ታመጣለታለህ።

10ሩም ካለቁ በኋላ ከረጢቱን ሰውርና ለ60 ሰከንድ ሌላ ሥራ ስጠው፤ የሰው ስም ይጥራልህ ወይም የሚበላ ነገር ይቁጠርልህ። ከዚያ «ከረጢቱ ውስጥ ምን ምን ነበር?» በለው። ሲያበቃ ያልጠራቸውን ብቻ ቀስ ብለህ አንድ በአንድ አስታውሰው። የጠራቸውን አትድገምለት። በመሃል 30 ሰከንድ እያዘናጋህ እስከ 5 ዙር ሂድ። ከ5ኛው በኋላ ሌላ ሥራ ሥራ፦ ደም ግፊት ለካ፣ አረማመዱን እይ፣ ፒኤችኪው-9ን ጨርስ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተህ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደገና ጠይቅ።

ድባቴ ብዙ ጊዜ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 7 ዓይነት መስመር ይሰጣል፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ይወጣል፣ ከቆይታ በኋላም 6 ወይም 7 ይቀራል። አልዛይመር 3፣ 4፣ 3፣ 4፣ 3 እያለ ይዋልላል፤ በ2ኛው ዙር የጠራውን በ3ኛው ያጣዋል፣ ከቆይታ በኋላ 1 ወይም 0 ይሆናል። ቁጥሮቹ ቅርጹን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ ዕቃዎቹን በአካባቢህ ቀይረህ የውጭውን መቁረጫ ነጥብ አትጠቀም።

መጨረሻ ላይ ለቀሩት ፍንጭ ስጥ። ፍንጩ የሚሠራው ግን ዕቃው ሲታይ አብሮ ከተነገረ ነው፤ ይህን ግሮበርና ቡሽኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ዘዴ አስተምሮናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲኒውን ሲያወጣ «ቡና የሚጠጣበት» በል፣ በኋላም ያንኑ ቃል በቃል ድገም።

መልሱን እንደተባለው ጻፍ። ያልኩህን ልዩነት የምታየው እዚህ ጋ ነው። የድባቴው ሰው፦ «አላውቅም፤ ተወኝ ልጄ፣ ጭንቅላቴ ሞቷል።» ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። «ቡና የሚጠጣበት ነበር» ስትለው ትንሽ ቆይቶ በቀስታ «ሲኒ» ይላል። የመርሳት ሕመም ያለበት ደግሞ «የምን ከረጢት?» ይልሃል፤ ወይም ፍንጩን ሰምቶ ወዲያው «ጀበና!» ይላል፣ በሙሉ እምነት። ያልነበረ ነገር ደጋግሞ ከገባ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርግበት። ሌላው፣ ጥያቄ በጠየቅኸው ቁጥር ዞር ብሎ ልጁን ወይም ሚስቱን የሚያይ ከሆነ መዝግበው። የድባቴው ሰው መሬት መሬት ያያል እንጂ መልስ ፍለጋ ወደ ሰው አይዞርም።

ነርስ_ቀፊራ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አቦ፣ ዕቃ መጠቀሙ በጣም ያስማማኛል። እኔ የምጨምረው ሕመም ሳይኖር ነጥብ የሚያወርዱትን ነው፤ እዚህ ከተማ ብዙ ናቸውና።

ቋንቋ። ድሬ ላይ ገበያ በአማርኛ፣ ቤት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ጀጎል ውስጥም በሐረሪ። አማርኛውን ስለተግባባችሁ ብቻ በአማርኛ አትፈትኑ። «ለልጅ ልጆችዎ ተረት በምን ቋንቋ ይነግራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ፈትኑ። አስተርጓሚው ልጃቸው አይሁን። ልጅ ስለሚያፍር «ያ እንኳ፣ ጠዋት የጠጣህበት» እያለ ሳታውቁት ፍንጭ ይሰጣል፤ ፈተናው እዚያው ላይ ይበላሻል። ልጁን ለሌላ ጥያቄ ውጭ አስቀምጡት።

ቀን። ኤምኤምኤስኢ የተባለውን ሌላ የማስታወስ መመዘኛ የምትጠቀሙ ከሆነ ለቦታና ለጊዜ 10 ነጥብ አለው። የሒጅራውን ወርና ቀን በትክክል የነገሩ እናት የኢትዮጵያውን ባያውቁ አልተሳሳቱም። ከመግሪብ በኋላ ከጠየቃችሁ ደግሞ ለእሳቸው ቀኑ ተቀይሯል። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድና ቃል ከኋላ ወደ ፊት መፊደል ላልተማረ ሰው የሚለኩት ትምህርቱን ነው።

ሰዓት ማስቀረጽ። የእንግሊዝኛውን መመሪያ እንዳለ ወስዶ «11 ሰዓት ከ10» ማለት ያሳስታል። መመሪያው የሚፈልገው አጭሩ ቆጣሪ 11ኛው ቁጥር ላይ እንዲሆን ነው፤ በእኛ አጠራር ያ 5 ሰዓት ከ10 ነው። አንዳንዱ ሰው ሰዓቱን የሚሞላው በሀገር አቆጣጠር ስለሆነ ቆጣሪውን 5 ላይ ያደርጋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አስቀድማችሁ «የእጅ ሰዓትዎ 5 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው የት ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ። እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ግን ሰዓትም ኩብም አታስቀርጹ። ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራው አይዲያ የሚባለው ፈተና በስዕል ፋንታ በ4 የክብሪት እንጨት ቅርጽ ያስደረድራል፤ ያ ይሻላል።

በሩዳስ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር፦ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና የሚለውን ሲያስተምሩ እስከ 5 ጊዜ መድገም ይፈቀዳል። ብዙ ሰው አንዴ ብሎ ያልፋል። በድባቴ የተያዙ ሰዎች በዚህ ብቻ እስከ 8 ነጥብ ያጣሉ። በኋላ ስታስታውሷቸው «ሻይ» ብላችሁ ማስጀመር ትችላላችሁ፤ የሻዩ 2 ነጥብ ብቻ አይቆጠርም። «ሻይ» ሲባሉ ሦስቱን አከታትለው ከጠሩ ቃላቱ ገብተው እንደነበር ያ ራሱ ይናገራል።

ጆሮ! ከፈተና በፊት ጆሮ በኦቶስኮፕ ይታይ። ኩክ የዘጋው ጆሮ ቃሉን በደንብ አያስገባም። መነጽር ካላቸው ያድርጉ፤ ሞራ ካለ ዕቃውን ዳስሰው ይለዩ።

ጤና_መኮንን_ሳቢያን፦
ተባረኩ። አሁን ልጠይቅ፦ ያለ ፍንጭ 3 ብቻ ጠርቶ በፍንጭ 9 የደረሰ ሰው ካጋጠመኝ ድባቴ ብዬ ልዝጋው?

ኒውሮ_ሐረር፦
አትዝጋው። ፍንጭ የሚረዳው ድባቴን ብቻ አይደለም። በደም ሥር ችግር የሚመጣ የመርሳት ሕመም፣ ፓርኪንሰንና መሰሎቻቸውም የሚያጠቁት ማውጣቱን ነው፤ በፍንጭ ይሻሻላሉ። ፍንጭ ረድቶት ከሆነ «የአልዛይመር ዓይነቱ አረሳስ አይመስልም» ማለት ትችላለህ፤ «የመርሳት ሕመም የለም» ማለት ግን አይደለም።

ለዚህ አካሉን እይ። ደም ግፊትና ስኳር ስንት ዓመት ሆነው? አንድ እጅ ወይም እግር ይደክማል? አረማመዱ አጭርና ሰፋ ያለ ነው? ሽንት ማምለጥ ጀምሯል? ሳያዝን በትንሽ ነገር ያለቅሳል? እንደ ደረጃ ደፋ ደፋ እያለ የወረደ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? እነዚህ ካሉ፣ ወይም በቅርብ ወራት ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶ ከነበረ፣ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ከትንሽ መውደቅ በኋላ ከሳምንታት ቆይቶ የሚታይ የደም መጠራቀም በሽማግሌ ላይ ፍጹም ድባቴ ሊመስል ይችላል፤ ሰውየው ይደነዝዛል፣ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል። በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ በዚህ እንዳትዘናጋ።

ሌላው በጣም የሚምታታ ነገር ስሜት አልባነት ነው። መርሳት ሲጀምር ብዙ ሰው ተነሳሽነቱ ይጠፋል፤ ዝም ይላል፣ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቤተሰብ «አዝኗል» ይላል። ሲጠየቅ ግን ሐዘን የለውም፣ ራሱን አይወቅስም፣ የልጅ ልጁ ስትመጣ ፈገግ ይላል። በድባቴ ውስጥ ያለው ሐዘኑና ጸጸቱ ያለቀቀው ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ አይተኛም፣ ጠዋት ጠዋት ይብስበታል።

ፋርማሲ_ከዚራ፦
ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የመድኃኒት ከረጢታቸውን አስደፉ። የሚጠጡትን በቃል አትጠይቁ፤ ይረሳሉ፣ ይፈራሉም። በተለይ አሚትሪፕቲሊንን ፈልጉ። ለወገብ ሕመም፣ ለእንቅልፍ፣ «ለነርቭ» እየተባለ ማታ ማታ 25 ሚ.ግ የሚወስዱ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ይህ መድኃኒት ለማስታወስ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ስለሚያግድ በቀጥታ ማስታወስን ይጎዳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲነሱ ያዞራል። ቤንዝሄክሶል፣ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚን እንዲሁ ናቸው። ዲያዜፓም (የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒት) ለብቻው ሌላ ነው፤ በአዛውንት ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። በድንገት ግን አታቁሙት፤ ቀስ ብሎ ይቀነሳል።

ሜትፎርሚን (የስኳር) ወይም ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ቢ12 ሲያንስ ድባቴም መርሳትም ያመጣል፤ እግር መደንዘዝ አብሮ ካለ ጥርጣሬው ይጨምራል። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ስኳር፣ ሶዲየም፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ መሠረታዊ ናቸው።

ስለ ጫት በግልጽ እናውራ፤ ለምሥራቁ ሰው ነው የምንጽፈው። ከበርጫ በኋላ በምርቃና ላይ ያለ ሰው ፈጣንና ተናጋሪ ሆኖ ፈተናውን ያልፋል። ጠዋት ሳይቅም በሀራራ ላይ ከሆነ ይነጫነጫል፣ ያንቀላፋል፣ «አላውቅም» ይበዛል፤ ድባቴ ይመስላል። የቃመበትን ሰዓት ሳትጽፉ ነጥብ አትጻፉ። ድጋሚ ስትፈትኑም በዚያው ሰዓት ይሁን፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ሰዓቱን ነው። ከጫት በኋላ እንቅልፍ ለማምጣት ዲያዜፓም ወይም አልኮል የሚጠቀሙ ከሆነም ይጠየቅ።

ተንከባካቢ_ገንደቆሬ፦
ባለሙያዎች ፈተና ላይ ስታተኩሩ የቤቱን ነገር አትርሱ። ቤተሰብን «ይረሳሉ ወይ?» ካላችሁ ሁሉም «አዎ» ይላል። ሥራ በሥራ ጠይቁ። ቡና ማፍላትን ውሰዱ፤ ብዙ ደረጃ ስላለው ሁሉም ይታያል። ድባቴ የያዛቸው እናት ቡናውን ይተዉታል፦ «ለማን ብዬ? ምን ያደርግልኛል?» አንድ ሰው ከጎናቸው ተቀምጦ ካስጀመራቸው ግን ከማጠብ እስከ በረካ አንዱንም ሳያዛንፉ ይጨርሳሉ። መርሳት የጀመራቸው እናት በደስታ ይነሳሉ፤ የቆላውን ደግመው ይቆላሉ፣ ጀበናውን ያለ ቡና ይጥዳሉ፣ አቦል የቱ እንደነበር ይጠፋባቸዋል። ሶላት ላይ የረከዓውን ቁጥር ማምታታት፣ የሱቅ መልስ መቁጠር አለመቻል፣ በለመዱት የጀጎል መተላለፊያ መንገድ መሳት፤ እነዚህን ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩበት ጋር አወዳድራችሁ ጠይቁ።

መቼ ጀመረ የሚለውም ዋጋ አለው። ድባቴ ሲሆን ቤተሰብ ወቅቱን መጥቀስ ይችላል፦ ከሐዘኑ በኋላ፣ ከረመዳን ወዲህ። መርሳት ሲሆን «ዓመት ይሁን ሁለት...» ይላሉ፤ ጅማሬው አይታወቅም።

ጤና_መኮንን_ሳቢያን፦
በጣም ጥሩ። በትኩሳት ሰሞን የሚመጡትስ? ወባና ቺኩንጉንያ ሲኖር ግራ ይገባናል።

ሳይካትሪ_ጀጎል፦
ያኔ የማስታወስ ፈተና አታድርግ። በሰዓታት ወይም በቀናት የመጣ፣ ቀን ላይ ሻል ብሎ ማታ የሚብስ መምታታት ሦስተኛ ነገር ነው፤ ዲሊሪየም ይባላል፤ አስቸኳይ ነው። መለያው ትኩረት ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ወደ ኋላ አስቆጥር። የድባቴው ሰው እየተንቀረፈፈ ይጨርሳል፣ ቀለል ያለ አልዛይመር ያለበትም ብዙ ጊዜ ይወጣዋል። በዲሊሪየም ውስጥ ያለው «እሁድ፣ ቅዳሜ...» ብሎ ይጠፋል፣ ወይም ወደ ፊት መቁጠር ይጀምራል። ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም እ.ኤ.አ) ያየች ከተማ ናት፤ ወባውም አለ፤ በሙቀቱ ላይ ውኃ ማነስ ሲጨመር አረጋዊ ቶሎ ይምታታል። ወባ ይታይ፣ ሽንት ይታይ፣ ሳንባ ይደመጥ፣ ሶዲየም ይሠራ። አገግመው ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው ከረጢቱ የሚወጣው።

አሁን ወደ መጀመሪያ ጥያቄህ። ሁለቱም ወረቀት «አለ» ካሉ፣ ዲሊሪየም ካልሆነ፣ መድኃኒቱና ደሙ ከታየ፣ ድባቴውን አክመህ ድጋሚ ፈትን። ሰርትራሊን በ25 ሚ.ግ ጀምረህ ከሳምንት በኋላ 50፤ ወይም ፍሉኦክሰቲን 10 ሚ.ግ ጀምረህ ወደ 20። አሚትሪፕቲሊን አይሁን። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሶዲየም ይደገም፤ እነዚህ መድኃኒቶች በአረጋውያን፣ በተለይ ለግፊት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ሶዲየም ያወርዳሉ፤ የወረደ ሶዲየም ደግሞ ራሱ ያደነዝዛል፣ «መርሳቱ ባሰ» ያሰኝሃል። አስፒሪን ወይም ኢቡፕሮፌን አብረው ካሉ የጨጓራ መድማት ይታሰብ።

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ፒኤችኪው-9 ከ5 በታች ሲወርድ በሌሎች 10 ዕቃዎች ድገም። ያንኑ ከረጢት ከደገምክ የለመዱትን ነው የምትለካው። ስሜቱ ተሻሽሎ ማስታወሱ እዚያው ከቀረ ድባቴው መርሳቱ ላይ የተጫነ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱም ከተሻሻሉም ፋይሉን አትዝጋ። አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ ባወጡት ጥናት በድባቴ ጊዜ መርሳት ታይቶባቸው ከተመለሰላቸው አረጋውያን በ3 ዓመት ገደማ ውስጥ 43 በመቶው እውነተኛ የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል፤ ድባቴ ብቻ ከነበረባቸው 12 በመቶ። በየ6 ወሩ ይመለሱ። መጀመሪያ ድባቴ የያዛቸው ከ60 ዓመት በኋላ ከሆነ ይህን የበለጠ አጥብቀው።

ኒውሮ_ሐረር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤችኪው-9ም ሆነ 15 ጥያቄ ያለው ጂዲኤስ (የአረጋውያን የድባቴ መጠይቅ) የሚታመነው ሰውየው ያለፈውን ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ሳምንት ማስታወስ ሲችል ነው። መርሳቱ ከከፋ «ደህና ነኝ» ይልና 0 ያገኛል። ያኔ የኮርኔል መጠይቅ ይሻላል፤ 19 ጥያቄዎች አሉት፣ በዋናነት ተንከባካቢው ይጠየቃል፣ ድምሩ ከ10 በላይ ከሆነ ድባቴ ይጠረጠራል። ሌሊት ያልተኛ፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ያለ ምክንያት የሚቅበጠበጥ ሰው በአፉ ባይናገርም በዚህ ይያዛል።

ነርስ_ቀፊራ፦
ጤና መኮንን፣ የፒኤችኪው-9ን 9ኛ ጥያቄ (ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀውን) አትዝለለው። አረጋውያን ብዙ ጊዜ ራሴን ላጥፋ አይሉም፤ «አላህ ቢወስደኝ»፣ «ፈጣሪ ረሳኝ፣ ሸክም ሆንኩ» ነው የሚሉት። ይህን ሲሉ ዝም ብለህ አትለፍ። ቤተሰቡን አስወጥተህ፣ ዝቅ ብለህ፣ «ሞትን ከመመኘት አልፎ በራስዎ ላይ ነገር ለማድረግ አስበው ያውቃሉ?» በል። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም። «አዎ» ካሉ የማስታወስ ፈተናው ይቆማል፤ ብቻቸውን አይቀሩም፣ ቤት ያለው የመድኃኒት ክምችትና ፀረ ተባይ ይነሳል፣ በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ያያቸዋል። ስትልክም ቅጹን ባዶ አትላክ፦ የተፈተኑበት ቋንቋ፣ የቃሙበት ሰዓት፣ በየዙሩ ስንት እንደጠሩ፣ በፍንጭ የወጣውና ያልነበረው የገባው ለየብቻ ተጽፎ ይሂድ። ተቀባዩ ሐኪም «ሩዳስ 18» ከሚለው ይልቅ በዚያ ነው የሚሠራው።